ለፕሮግራም ሽማግሌ ስንልክ

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሥራዬ ደግሞ የሰው ድምፅ ማጽዳት ነው። ሱሉልታ ውስጥ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ጀርባ ባለች ስቱዲዮ ተቀምጬ የመዘምራንን፣ የሠርግ ዘፋኞችን፣ አንዳንዴም የሰባኪዎችን ቅጂ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ጫጫታውን አወጣለሁ። ይህን ስናገር ሰዎች «ውይ፣ ያንቺ ጆሮ እኮ ከእኛ ይበልጣል» ይሉኛል። አይበልጥም። ጆሮዬ እንደማንም ሰው ጆሮ ነው፤ የሱሉልታ ብርድ ሲመታው ያመኛል። ሥራውንም የተማርኩት እንደማንም ሰው የሰው ዕቃ እያበላሸሁ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አነሳ ነበር። ሰበታ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አብረውኝ ካደጉት ገሚሱ መምህር ሆነዋል፣ አንዳንዱ ጠበቃ፣ የቀረነው ስልክ ላይ ተቀመጥን። ስልክ ማንሳት ነውር የለውም፤ ወደው የሚሠሩት ጓደኞች አሉኝ። እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የገባሁበት ቢሮ ሁሉ ገና ወረቀቴን ሳይጨርሱ «እሷን ስልክ ላይ አስቀምጧት» ይባላል፤ አለቀ። ለቅቄ የወጣሁ ቀን እናቴ «ደሞዝ ያለው ሥራ ጥለሽ!» ብላ አለቀሰች። እኔ ሁለተኛ ሰው የመረጠልኝ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብዬ ወጣሁ።

ይህን እንድል ያስቻለኝ አንድ ፕሮግራም ነው። የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዓይናማ ነው። ድምፁ ስክሪኑ ላይ ወጣ ገባ ብሎ ይታያል አሉ፤ ዓይናማው እሱን እያየ በማውዝ ይቆርጣል። ለገጣፎ የሚኖር አንድ ሰው፣ እሱም ዓይናማ፣ ማን እንደለመነው እንጃ፣ ተነስቶ ይህን ሁሉ በአማርኛ የሚናገር ፕሮግራም ሠራ። ቁልፍ ስጫን «ከዚህ ጀምሯል» ይለኛል፤ «ተቆርጧል» ይለኛል፤ ድምፁ የት እንደሚጮህ፣ የት ዝም እንደሚል በፉጨት ይነግረኛል። በነጻ ነው የሰጠን። ኮዱንም፣ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ነገር በሙሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጎ አስቀመጠና «የፈለገ ይውሰድ፣ ይጠግን፣ ያሻሽል፣ ለሌላም ይስጥ» ብሎ ጻፈበት። ከሰበታ የወጣን ብዙዎቻችን በእሱ እንጀራ በልተናል።

ከዚያ ሰውየው ዝም አለ። ኢሜይል አይመልስም፣ ስልክ አያነሳም፣ ፕሮግራሙን አያድስም። እስከሠራ ድረስ እኛም ግድ አልሰጠንም። አንድ ጠዋት የስቱዲዮው ኮምፒዩተር ራሱን አፕዴት አደረገና ፕሮግራሙ ዱዳ ሆነ። ቁልፍ ብጫን ዝም፣ ደግሜ ብጫን ዝም። ኮምፒዩተሩ ራሱ ሲለፈልፍ ይውላል፤ እሱ ግን ትንፍሽ አይልም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። ቡራዩ ለሚሠራ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ የሱም ዱዳ ሆኗል። ሰበታ ደወልኩ፤ እዚያም ያው ነው።

የስቱዲዮው ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም። ከጎንደር መጥቶ ብረት ሲሸጥ የኖረ፣ ስቱዲዮውን ከትርፉ ይልቅ ለዘፈን ፍቅር ብሎ የከፈተ ነጋዴ ነው። «አይዞሽ፣ ሜዳ ላይ አልጥልሽም» አለኝ። ያቃጠለኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። «እስኪስተካከል ስልክ ትይዢልኛለሽ። ድምፅሽ እኮ ለስልክ የተፈጠረ ነው!» አለ፣ እያሞገሰኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርጉ ስለሚጀምር እስከዚያ ካልተስተካከለ ወንበሬ ላይ ዓይናማ እንደሚያስቀምጥም ነገረኝ። ሥራ ተከምሮበታል፤ እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ግን ደሜን ከመፍላት አላዳነውም።

ቅዳሜ ቡራዩ ተሰበሰብን። ከሰበታ የወጣነው ማኅበር አለን፤ የሚመሩት ድሮ እዚያ ያስተማሩን፣ የሱሉልታ ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁላችንም ኦቦ ነው የምንላቸው። ፕሮግራሙን ትጠግናለች የተባለችውን ልጅ ከኮዬ ፈጬ አስመጥተናታል። ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር፣ ቀን ቀን የአንድ ድርጅት ኮምፒዩተሮች የምታይ ወጣት ናት። ኮዱን አንብባው መጥታለች። «ይጠገናል፤ ግን በትርፍ ሰዓት አይሆንም። ጥቂት ወር ሥራሽን ትተሽ ሥሪበት ካላችሁኝ የቤት ኪራዬን ቻሉልኝ» አለች።

ገንዘቡ ያጣላናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላጣላንም። እድር እንዴት እንደሚዋጣ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም፤ በዚያው ደንብ በየወሩ ይዋጣ፣ የዘገየ ይቀጣ ተባለና ሻይ ሳይመጣ አለቀ። ከሰበታና ከቡራዩ አጥቢያዎች ድምፅ ማጉያ የሚይዙ ዓይናማዎችም እንገባለን አሉ። እድር የሚዋጣው የሞተ ለመቅበር ነው፤ ይሄኛው የሞተ ለማንሳት መሆኑ ያስቃቸው ነበር።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ኦቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባለቤቱስ ምን አለ?»

«የቱ ባለቤት?» አለች ልጅቷ። «ፈቃዱ እኮ ተጽፏል። መጠየቅ አያስፈልግም።»

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አለ፤ ለገጣፎ ነው።»

«እንግዲህ ሰው እያለ ቤቱ ልንገባ ነው?»

እኔ አልቻልኩም። «ኦቦ፣ በሩን በርግዶ ግቡ ብሎናል እኮ! ምን ቀረ?»

«ግቡ ቢልም ዘው አይባልም» አሉ። «ውጭ ቆመሽ ቤቶች ብለሽ ነው የምትገቢው። ሽማግሌ ይላክ።»

ወይ ጉድ! ይቃወማል ያልኩት ሁሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ማለት ጀመረ። ጠበቃው ጓደኛዬ እንኳን፣ ፈቃድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተምሮ የተመረቀው፣ «በሕጉ አያስፈልግም፤ ቢሆንም ሽማግሌ ቢሄድ ምን ይጎዳል?» አለ። የሚጎዳው እኔን ነው አልኩ። ኦቦ «አንድ ቀን ነው፤ ሄደን እንመለሳለን» አሉኝ።

ሚኒባስ ተከራይተው ኦቦን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ፣ ሦስቱም ከእኛው ከዓይነ ስውራኑ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። እንደደረስን «አንቺ መኪና ውስጥ ቆዪ፣ ሴት ሽማግሌ ሆና አታውቅም» ተባልኩ። «ለፕሮግራምስ ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል?» ብላቸው ሳቁ፣ ግን ትተውኝ ወረዱ። ከሾፌሩ ጋር ቀረሁ። መስኮቱን አስከፈትኩት። «ቤቶች!» ሲሉ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ፤ የሴት ድምፅ «ኧረ እግዚኦ!» ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ።

«ምን ሆነች?» አልኩት ሾፌሩን።

«እኔንጃ፣ ጋቢ የለበሱትን ሲያዩ ደነገጡ። አሁን አንዲት ልጅ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት እየሄደች ነው። ምን የመሰለች ቆንጆ ናት!»

ጉድ ፈላ! ልጅ ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው ሴት ልጃቸውን አሸሿት። ሾፌሩን ክንዴን አስይዤው ወረድኩና እየገባሁ «ልጅቷን አይደለም! ልጅቷን አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱም ቆመዋል። ሰውየው ወንበር እየጎተተ «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ነገሩን አሳጥረው ተናገሩ። የሠሩልን ፕሮግራም ዱዳ ሆኗል፣ የምትጠግን ልጅ አግኝተናል፣ መዋጮውም ተዋጥቷል፤ እርስዎ እሺ ይበሉን አሉ።

«ይህንን ልትሉኝ ከቡራዩ ድረስ መጣችሁ?» አለ ሰውየው። «ፈቃዱ እኮ ተጽፏል።»

«እኔም ያልኩት ይሄንን ነው!» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ» አሉኝ ኦቦ።

ያን ጊዜ ሰውየው እሺ ብሎ ቢሆን ሁሉም ነገር እዚያው አልቆ ነበር። ሊልም ነበር፤ አፉን ሲከፍት ሰምቻለሁ። ሚስቱ ናት ያቋረጠችው። ልጇን ሊወስዱ እንዳልመጡ ካወቀች በኋላ ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ተቀይሯል። «ቆይ እንጂ!» አለች። «ይሄ ነገር ስንት ዓመት ቤቴ ውስጥ ተቀምጧል! ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ። ምሳ ላይ ይደወላል፣ ክርስትና ላይ ይደወላል፤ ለምን ተበላሸ፣ ለምን አልታደሰ፣ ለምን ሰነፍክ። አንድ ሰው ደውሎ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ አያውቅም። ስልኩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ! ዛሬ መጥታችሁ ዛሬ እሺ ይባልላችሁ? ሽማግሌ ከሆናችሁ እንደ ሽማግሌ ተመለሱ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ።»

«ተገቢ ነው» አሉ ኦቦ፣ ምንም ሳያመነቱ። «እንመለሳለን።»

ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ የስቱዲዮው ባለቤት የቆረጠልኝ ቀን ነው። «እትዬ» አልኳት፣ ልመናው ከአፌ ወጣ፣ «እኔ እስከዚያ ከወንበሬ እነሳለሁ። ስልክ ላይ ያስቀምጡኛል።»

«እኔም ባሌን አጥቼ ነበር የኔ እመቤት» አለችኝ። ክፋት አልነበረውም አነጋገሯ፤ ደክሟት ነበር።

በመኪናው ውስጥ ግን አልተውኳቸውም። በሕግ የተሰጠንን ነገር ለምነን ተከለከልን፣ ደስ ይበላችሁ አልኳቸው። ኦቦ «አልተከለከልንም፤ ቀጠሮ ተሰጠን» አሉ። ኮዬ ፈጬ ላለችው ልጅ ደወልኩና «አንቺ ጀምሪ፣ ማንም አይከለክልሽም» አልኳት። ይህቺ ጂንስ የምትለብስ፣ ግማሽ ንግግሯ እንግሊዝኛ የሆነች ልጅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ፈቃዱን ዛሬም ይዤ መጀመር እችላለሁ። ግን አሁንማ ሽማግሌ ተልኮ ቀጠሮ ተይዞ! እንዴት ብዬ? እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። የስቱዲዮው ባለቤት ቃሉን ጠበቀ። አንድ ዓይናማ ወጣት መጣ፣ ትሑት ልጅ፣ እየተሳቀቀ «ይቅርታ እህቴ» ብሎኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እኔ በር አጠገብ ስልኩ ጋ ተወሰድኩ። ከፋኝ። ከፋኝ ስል ለማሳዘን አይደለም፤ ቁርስ የማያስበላ ዓይነት መከፋት ነው። ባለቤቱ ሲያልፍ «የኛ ሬዲዮ!» ይለኛል፤ ደንበኞቹ ድምፄን እየወደዱለት ነው። ወሬውን ለጓደኞቼ ስነግር ሁሉም አይዞሽ ይሉኛል፤ አንዱም ግን ሽማግሌ መላኩ ስህተት ነበር አይልም።

በሁለተኛው ጉዞ ከሽማግሌዎቹ ጋር በፕሮግራሙ የምንሠራውም ሄድን፤ ለገጣፎ ዶሮ ተሠርቶ ጠበቀን። አሁን ኦቦ ስለ ጥገናው አንድም ቃል አላነሱም። እያንዳንዳችን በዚያ ፕሮግራም የሠራነውን እንድንናገር አዘዙን። አንዱ ቡራዩ በዚህ ሥራ ልጆቹን ማሳደጉን ተናገረ፤ ሌላው ኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን እያስተካከለ ቤት መሥራቱን፤ እኔ ስልክ ትቼ የወጣሁበትን ቀን ነገርኳቸው። ሚስቲቱ ሳህን ይዛ መሃል ላይ እንደቆመች ቀረች። «እና ይሄን አንድ ቀን ደውላችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት?» አለች። ሰውየው «እሺ ብያለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኦቦ በኦሮምኛ መርቀው «ሆራ ቡላ!»፣ ተባዙ፣ ኑሩ፣ ሲሉ ሰውየው ራሱ «ሆራ ቡላ!» ብሎ ሲቀበል ሰማሁት። እኔ አልመለስኩም፤ ተናድጄ ነበር፣ ግን የዶሮው ወጥ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሰውየው አንድ ነገር ለመነ። «ልጅቷ ስትሠራ ኮዱን አብሬያት አያለሁ፤ ናፍቆኛል። ግን ስልኬ አይደወልብኝ። የተበላሸ ነገር ሁሉ አንድ ሰው ጋ ይድረስ፤ እሱ ሰምቶ፣ ስድቡን አውጥቶ፣ ቁም ነገሩን ለልጅቷ ይላክላት።» የሄድነው ሁላችንም ዓይነ ስውር ነን፣ ግን ሁሉም ወደ እኔ መዞሩ ታወቀኝ። «እንግዲህ ስልክ ላይ ያለችው...» ብሎ አንዱ ጀመረ። ምን ቆርጦኝ ነው እምቢ የምለው? እሺ አልኩ። ሰው የመረጠልኝ ሁለተኛ ስልክ ተጨመረልኝ።

ያ ክረምት እንዲህ አለፈ። በቀኝ ጆሮዬ የስቱዲዮውን ስልክ፣ በግራ ጆሮዬ የራሴን ሞባይል። ልጅቷ የሙከራ ፕሮግራም ትልካለች፤ ሰዎች ይጭኑታል፤ ይደውላሉ፤ እኔ ስድቡን አወጣለሁ። ስድብ ማውጣት ጫጫታ ከማውጣት ብዙ አይለይም። የለገጣፎው ሰውዬ በየቀኑ ከልጅቷ ጋር ያወራል አሉ፤ ሚስቱም ቡና ሰዓት ላይ ትገባና «ዛሬ ማን ሰደበ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቁልፉን ስጫን «ከዚህ ጀምሯል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ብቻዬን «እሰይ!» ብዬ ጮኼ ጎረቤቴ ምን ሆንሽ ብላ መጣች።

በማግስቱ ለስቱዲዮው ባለቤት ነገርኩት። «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አለ ከልቡ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «ግን አሁን ልጁን ምን ብዬ ላስነሳው? ቤተሰብ ያስተዳድራል። ስልኩን ደግሞ እንዳንቺ የሚይዝልኝ ከየት አመጣለሁ? እስቲ እናየዋለን።» እናየዋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቡራዩ ያለው ጓደኛዬ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የሰበታዎቹም ተመለሱ፤ ሲበላሽባቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። አንጀቴ አረረ። ኦቦ ሲደውሉ አላነሳም ነበር።

መስከረም ላይ ሰበታ ካለ አንድ ፋብሪካ ስልክ ተደወለ። ከደቡብ መጥተው እዚያ የሚሠሩ ጴንጤዎች የመሠረቱት የመዘምራን ቡድን አለ። በዕረፍታቸው የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ይዘምራሉ፣ በስልክ ይቀዱታል፣ የማሽኑን ጉርምርምታ የሚያወጣላቸው እኛ ነን። የደወለው መሪያቸው ነው፤ ረጋ ያለ ድምፅ ያለው ሰው።

«የላካችሁልን መዝሙር ጸድቷል» አለኝ። «ማሽኑ አይሰማም፣ ተባረኩ። ግን እኛም የለንም።»

«እንዴት ማለት?»

«ስንኙ ከመግባቱ በፊት ሁላችንም አንድ ላይ እንተነፍሳለን። እሱ ጠፍቷል። አንድም ትንፋሽ የለም። ሙታን የሚዘምሩ ይመስላል እህቴ። አንዳንዶቹ ሰምተው አለቀሱ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ስክሪኑ ላይ ትንፋሽ እንደ ጫጫታ ሳያሳየው አልቀረም፤ አይቶ ጠርጎታል።

«ያለፈው መዝሙራችን እንዲህ አልነበረም» አለ። «ያኛውን የሠራው ሰው ይሥራልን። ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ? ስልክ የምታነሺው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስልክ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሊያዋርደኝ አልነበረም፤ የገረመውን ነው የጠየቀው። የማውቃቸውን መልሶች ሁሉ ፈለግኩ። ባለቤቱን፣ ቀጠሮውን፣ የሰውየውን ሚስት፣ ኦቦን፣ የልጁን ቤተሰብ። ሁሉም እውነት ናቸው፤ አንዱም ለዚህ ሰው መልስ አልሆነልኝም።

«ይጠብቁኝ» አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ግድግዳውን ይዤ ወደ ውስጥ ሄድኩ፤ በሩን ከፈትኩ። ልጁ ሄድፎኑን ሲያወልቅ ሰማሁ።

«ተነሥልኝ» አልኩት።

ወንበሩ ተንሸራተተ። «እሺ እህቴ» አለ፤ ከዚያ ግራ ገብቶት ቆመ። «እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ስልኩ አልተዘጋም» አልኩት፣ እየተቀመጥኩ። «ሰውየው እየጠበቀ ነው፤ ሂድና አናግረው።»